ምክንያቱን በጽሑፍ

ባለፈው ሰኔ አንድ ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ዶሴ ስደረድር የቢሯችን ሾፌር በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዝማም ሞታለች አሉ» አለኝ።

ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ ሲመጣ የነበረ ሚኒባስ ተገልብጧል፤ ከሞቱት አንዷ ረጅም ሴት ናት፤ የመሬት ቢሮ ቀያሽ ናት። ወሬው ይህን ያህል ዝርዝር ነበረው። በዋግ ኽምራ ስንት ረጅም ሴት ቀያሽ አለች? ስልኳ ላይ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበሬ ላይ ተተክዬ፣ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ሁሉ ለራሴ ስናገር ዋልሁ። እንዲህ ነበረች፣ እንዲህ ትል ነበር፣ እንዲህ አድርጋ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች።

«ሃያ ጊዜ ደውለሻል። ምን ሆነሻል?»

«አልሞትሽም?»

ከበስተኋላዋ ሰው ሲከራከር ይሰማል፤ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው።

«ቆይ ልይ» አለች። «የለም፣ አልሞትሁም። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ውዬ ነው። ማን ገደለኝ?»

ሚኒባሱ እውነትም ከመንገድ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አልተገለበጠም፤ ተሳፋሪው ወርዶ፣ ገፍቶ፣ መልሶ ተሳፍሮበታል። እሷ ደግሞ ጭራሹን አልተሳፈረችም። እያለቀስሁ ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ እሷ ሳስብ መዋሌን ስነግራት፣ «በይ እንግዲያስ ለቅሶዬ ላይ ልታወሪ ያሰብሽውን ጻፊው። በሕይወት ስላለሁ ስሕተቱን አርምልሻለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ ይኸው ጻፍሁት።

ዝማም ወደ ቢሯችን የመጣችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰቆጣ ተፈናቃዩም ተመላሹም ተደራርቦባት፣ ባዶ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነበር። ልጅቱ በፃግብጂ ወረዳ ካለ አንድ ሩቅ ቀበሌ የወጣች፣ ኮሌጅ ገብታ ቅየሳ የተማረች ናት። ቁመቷ ከወንዶቹ ይበልጣል። አማርኛውን በኋላ ስለተማረችው፣ አንድ ነገር ስትጠየቅ መጀመሪያ በኽምጣኛ ለራሷ አስባው፣ መዝና፣ ከዚያ ነው በአማርኛ የምታወጣው። የማያውቋት ሰዎች ይህን ዝምታ ኩራት ይሉት ነበር። እኔ ግን ካፏ የወጣ ቃል መልሳ ስትውጠው አይቻት አላውቅም።

አረማመዷ ሌላ ነው። «የኔ ርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው» ስትል የቢሮው ልጆች ሳቁባት። ከቢሮው ደጅ እስከ ዋናው በር አስረምደው በሜትር ፈተኗት፤ የተሳሳተችው በአንድ ጫማ ያህል ብቻ ነበር፤ እሱንም «ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው» አለች። ሰው ሲቆጣባት አትመልስም። በኪሷ የምትይዘውን ትንሿን ሜትር ሳብ ታደርግና ትለቃታለች፤ ጠቅ ብላ ትገባለች። ከዚያ አንድ የታወቀች ቃሏን ትናገራለች።

«በጽሑፍ ስጡኝ።»

መጀመሪያ የሰማኋት በአንድ የድንበር ጠብ ላይ ነው። አንድ ባለጠጋ አጥሩን ወደ አንዲት መበለት ግቢ ሁለት ሜትር አስገብቶ ነበር። ዝማም ልትለካ ስትሄድ ሰውየው ትከሻዋን ቸብ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ይህን እኔና አንቺ በአፍ እንጨርሰዋለን» አላት። እሷም «ጥሩ፤ ያሉኝን በጽሑፍ ስጡኝና ከዶሴው ጋር ላያይዘው» አለችው። ሰውየው እጁን ከትከሻዋ አነሣ። አጥሩም በሳምንቱ ተነሣ።

ይህች ጉደኛ የሰውን ግቢ ሁሉ እየለካች ለባለቤቱ ካርታ ታሠራ ነበር። ለራሷ ግን ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል አልበረክት አላት።

የመጀመሪያው ቤት ሁለት ወር ቆየች። አከራይዋ፣ «ልጄ ከወልድያ ስለሚመጣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አለቻት። ሁለተኛው ቤት ሊታደስ ነው ተባለ። ሦስተኛው መጋዘን ሊሆን ነው ተባለ። ፍራሿን ባጃጅ ላይ ስንጭን ሦስቴም አብሬያት ነበርሁ። ከወልድያ የሚመጣው ልጅ አልመጣም፤ የሚታደሰው ክፍልም በማግሥቱ ሌላ ተከራይ ገባበት። በአራተኛው ጊዜ፣ ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘን ስናወጣ፣ «ምን አድርገሻቸው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እናቴ ሸክላ ትሠራለች» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የአገሬ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» ይሉታል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ «ቡዳ» ይሉታል። ዓይኑ ይወጋል፣ አብሮ የበላ ይታመማል ይላሉ። እናቷ ከፃግብጂ ድስትና እንስራ በአህያ ጭና ለገበያ ስትመጣ ልጇን ልትጠይቅ ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ ጎረቤት ያያል። በሳምንቱ አከራዩ ምክንያት ይፈልጋል።

«በእናቴ እንስራ ጠላ ይጠምቃሉ» አለች ዝማም፣ ፍራሹን እንደያዘች። «በእናቴ ድስት ወጥ ይሠራሉ። እናቴ በበራቸው ስታልፍ ግን ልጆቻቸውን ይሸፍናሉ።»

ሁሉንም አከራዮች የሚያስወጧትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠይቃቸዋለች። ማንም አልሰጣትም። አንዷ ደንግጣ በር ዘጋችባት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከእናቴ በወረስሁት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አንድ ባዶ ክፍል ነበረኝ። ዝማም ፍራሿን ይዛ በከተማው ስትዞር ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ቡዳ የሚባለውን ነገር አላምንም፤ ተምሬያለሁ። ነገር ግን የአክስቶቼን አፍ ፈራሁ። «ነይ እኔ ጋ ግቢ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ አራት ጊዜ ተመለሰ። ፍራሹን ግን ሁልጊዜ አብሬ እሸከም ነበር። እሱ ይበቃል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

አምስተኛውም ቤት እንዲሁ አለፈ። ስድስተኛው የአያ ወረታ ነበር።

አያ ወረታ ማር ነጋዴ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ቢበልጣቸው እንጂ አያንሳቸውም። ቄስ ትምህርት ቤት ያፈራው ውብ የእጅ ጽሑፍ አላቸው። በገበያ የሚታወቁት ማራቸውን በማማት ነው። «ይኸኛው የዘንድሮ ነው፤ ይኸኛው ያምና ነው፣ ትንሽ ጠጥሯል፤ ይህን እንኳ አትግዙ፣ ንቡ ምን እንደቀሰመ አላውቅም» ይላሉ። ሰው ደግሞ ለዚሁ ሲል ከእሳቸው ይገዛል። ዝማም ከእሳቸው ጋር የአንድ ዓመት ውል በጽሑፍ ተዋዋለች። ስድስት ወር በሰላም ኖረች። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በኽምጣኛ ሲጫወቱ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ቀፎ የሚያስቀምጡበትን ቦታ ለካችላቸውና የአቀማመጡን ንድፍ ሠርታ ሰጠቻቸው፤ ሽማግሌው ንድፉን እንደ ሥዕል ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ እናቷ መጣች፤ ጎረቤትም አየ።

አያ ወረታ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ በተራ እየደገሱ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ። ማኅበሩ ከአባቶቻቸው የወረደ ነው፤ ሽማግሌው ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው እሱ ነው። ማኅበርተኞቹ መጥተው ቁርጡን ነገሯቸው፤ «ጠይብ ያለበትን ግቢ አንረግጥም። ተራህ ሲደርስ ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኛ እንቀራለን።»

ሽማግሌው ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም አሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዝማምን በር አንኳኩ። እኔ ውስጥ ነበርሁ፤ ቡና ሳይሆን ሻይ አፍልታልኝ ተቀምጠን ስለ አንድ የጠፋ ዶሴ እናወራ ነበር።

«ልጄ፣ ቤቱን ልቀቂልኝ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ወሩ እስኪያልቅ ልትቆዪ ትችያለሽ።»

ዝማም ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። ሳብ አደረገቻት። አልለቀቀቻትም።

«ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ፣ አያ።»

እንደሌሎቹ ይቆጣሉ፣ ወይም ስለ ወልድያ ልጅ ያወራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«እሺ» አሉ። «ወረቀት አለሽ?»

ሁለታችንም ተያየን። ዝማም ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደችና ከነብዕሩ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ደገፉና ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያሳመሩ ጻፉ። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«እኔ የቤቱ ባለቤት ወረታ፣ ተከራዬ ዝማም ቤቱን እንድትለቅ የጠየቅሁት የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ ስለ ታወቀና የማኅበር ሰዎች ግቢህን አንረግጥም ስላሉኝ ነው። ሌላ ጥፋት የለባትም። ጠባይዋም መልካም ነው። ይህን በእጄ ጻፍሁ።»

ፈርመው ሰጧት። ዝማም ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንባ ዓይኗን ሲሞላው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አያ፣ ይህ ስድስተኛ ቤቴ ነው» አለች። «እውነቱን የነገሩኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን ላድርግ ልጄ። መዋሸት አልችልበትም።»

«አሁን ግን ልከስዎት ነው። አይቀየሙኝ።»

«ክሰሺኝ» አሉ ሽማግሌው። «የጻፍሁት እውነት ነው። እውነት ከተጠየቅሁ ደግሞ የትም እናገረዋለሁ።» ከዚያ ሻዩን አይተው፣ «ትርፍ አለሽ?» አሉ። ሦስታችንም ጠጣን።

ነገሩ በቢሯችን ሲሰማ ግማሹ አበደች አላት። ቀበሌ ስትሄድ፣ «በሽማግሌ ይጨረስ፤ ሌላ ቤት እንፈልግልሽ» አሏት። አዝነውላት ነው ያሉት፤ ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን፣ «ቤቱን ብቀይረው ምክንያቱ ከፍራሹ ጋር አብሮ ይገባል። እኔ መልቀቅ ያለበት ምክንያቱ ነው የምለው» አለቻቸው። በፍርድ ቤቱ ግቢ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ የሚመክር አንድ ወጣት ጠበቃ ነበር። ወረቀቱን ስታሳየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«አከራዬ።»

«ተገዶ ነው?»

«ሻይ እየጠጡ ነው።»

ጠበቃው ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ዓይነት በደል በየቀኑ እንደሚሰማ፣ ማስረጃ ግን አንድም ቀን አግኝቶ እንደማያውቅ ነገራት። «ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይጽፈውም» አለ። ክሱ ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ሆነ፤ በሕጋዊ ውል በገባሁበት ቤት በሰላም እንዳልኖር እየተደረግሁ ነውና ይከልከልልኝ ማለት ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ግቢ ኖሩ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ አያ» ትላቸዋለች፤ «እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ?» ይሏታል። በቀጠሮው ዕለት እኔ ፍርድ ቤቱ ደጅ ቀድሜ ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ ዝማም ወረደች። ከዚያ እጇን ዘርግታ አያ ወረታን አወረደቻቸው።

«አብራችሁ መጣችሁ?» አልኋት።

«ታዲያ በእግራቸው ይምጡ? ጉልበታቸውን ያማቸዋል እኮ» አለችኝ።

የሽማግሌው ዘመዶች ደጅ ላይ ከበቧቸው። «የወንድሜ ልጅ ሊገባበት ነው በል፤ በቃ፣ ይዘጋል» ይሏቸዋል። አንዱ ደግሞ «ጽሑፉ የኔ አይደለም በል» አላቸው። አያ ወረታ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በስተርጅናዬ፣ ለአንዲት ክፍል ብዬ?» አሉና ገቡ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከማኅበርተኞቹም የመጡ አሉ። ዳኛዋ ገና ወጣት ሴት ናት። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«እጄ ነው። ፊደሉም ያስታውቃል።»

«ከሳሽ ውሉን አፍርሳለች?»

«የለም።»

«ቤቱን አበላሽታለች? ጎረቤት ሰድባለች?»

«ኧረ የለም! እንዲያውም ጣሪያው ሲያፈስ ራሷ ወጥታ ነው የደፈነችው።»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

«ታዲያ ለምን ትውጣ አሉ?»

«ሰዎች ፈሩ፣ ክብርት ዳኛ።»

«እርስዎስ? እርስዎ ይፈሯታል?»

አያ ወረታ ዘወር ብለው ዝማምን አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው።

«እሷን አልፈራም» አሉ በመጨረሻ። «ከእሷ ጋር ስድስት ወር ተጫውቻለሁ፣ ሻይዋን ጠጥቻለሁ፤ ምንም አልሆንሁ። እኔ የምፈራው እነዚህን ነው።» በበትራቸው ከኋላ የተቀመጡትን ማኅበርተኞች አመለከቱ። «ብሞት የሚቀብረኝ አጣለሁ ብዬ ነው የፈራሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው አንገቱን ደፋ።

ዳኛዋ ከፊቷ ያለውን መጽሐፍ ገለጠች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሃያ አምስት ነበር። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ ሕግም ያለ ልዩነት እንደሚጠብቀው አነበበች። በዘር ቢሆን፣ በቋንቋ ቢሆን፣ በሃይማኖት ቢሆን እያለች ወርዳ አንዲት ቃል ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «በትውልድ» አለች። ደግማ፣ «በትውልድ» አለች። «የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ትውልድ ነው። ከቤት ማስወጫ ምክንያት አይሆንም።»

አያ ወረታ እጃቸውን አወጡ።

«ክብርት ዳኛ፣ ልጠይቅ? ይህ ሕግ መቼ ነው የወጣ?»

«ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አባት።»

«ሠላሳ ዓመት!» አሉ። «እና ለእኛ ማኅበር ማንም አልነገረን?»

አሁን ዳኛዋም ሳቀች። ፍርዱ ግን የማያሻማ ነበር፤ ውሉ ይጸናል፤ ከሳሽን በትውልዷ ምክንያት ማስለቀቅም ሆነ እንድትለቅ ማስጨነቅ ተከልክሏል፤ ይህ ለአከራዩም፣ በአከራዩ በኩል ለሚመጣም ሁሉ ነው። ዝማም ስትሰማው አልዘለለችም፣ አላለቀሰችም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እንደዚያ ስትተነፍስ ነው ከመጣች ጀምሮ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትራመድ እንደነበር የገባኝ፤ አሁን ወርዶ ነበርና።

ሽማግሌው ግን አልወጡም። ወደ መዝገብ ሹሙ ጠጋ ብለው፣ «ግልባጩን ስጡኝ፤ ማኅተም ያለበት ይሁን» አሉ።

«ይግባኝ ሊሉ ነው?»

«የምን ይግባኝ? ለሚካኤል ማኅበር ላነብላቸው ነው እንጂ።»

ደጅ ስንወጣ ዝማምን በትከሻዋ ያዟት። «ልጄ፣ ተገላገልሁ» አሏት። «እስከ ዛሬ ‹አትውጣ› ብል ‹ከጠይብ ወገነ› ይሉኛል፤ ‹ትውጣ› ብል ልቤ ይወቅሰኛል። አሁን ግን ሕግ አዘዘኝ። ሕግ ያዘዘውን ሰው ምን ይሉታል?» ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ሕግ የተበደለውን ሰው እንደሚጠብቅ ተምሬ ነበር። እውነቱን እያወቀ አቅም ያጣውን ሰውም ነፃ እንደሚያወጣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

የማኅበሩ ተራ ሲደርስ እኔም ተጠርቼ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ሰባት መጡ። አያ ወረታ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ከጋቢያቸው ሥር ግልባጩን አወጡና ቆመው፣ ልክ ገድል እንደሚያነቡ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የመዝገብ ቁጥሩን ሳይቀር አነበቡ። ሲጨርሱ ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አምስቱ ተቀመጡ። ፍርድ ቤት አንገቱን የደፋው ሰውዬ ከተቀመጡት አንዱ ነበር፤ ዝማም ዳቦ ስታቀርብለት ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። በላ። ሌሎቹ አዩት። ትንሽ ቆይተው እነሱም በሉ።

በዓመቱ ተራው ዳግም ሲደርሳቸው ዘጠኝ ሆኑ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ አንዱ ደግሞ ዝማም እስክትሄድ ቆይቶ ነው የመጣው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ግን ከዚያ ወዲያ በሰቆጣ ሌሎች ሁለት የቀጥቃጭ ልጆች የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ወደ አከራዮቻቸው እንደሄዱ አውቃለሁ፤ ግልባጩን ፎቶ ኮፒ ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። ሁለቱም ክስ ውስጥ ሳይገቡ በቤታቸው ቆዩ።

ዝማም በአያ ወረታ ግቢ ሁለት ዓመት ኖረች። የዓመቱ ውል ሲያልቅም አሳደሱት። እናቷም ለገበያ በመጣች ቁጥር እዚያው ታድራለች፤ ከሽማግሌው ጋር ስለ ድሮ ዘመን በኽምጣኛ ስታወራ ማቋረጥ አይቻልም። ኋላ ዝማም ዕድገት አግኝታ ወደ ኒሯቅ ተዛወረች። እዚያ ቤት ስትከራይ ምን እንደተባለች ጠይቄያት፣ «ገና ከመግባቴ በፊት እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት አልኋቸው። አንዷ እንቢ አለች፤ ሁለተኛዋ ‹ድስት በቅናሽ ታመጪልናለሽ?› አለች። እሷ ጋ ገባሁ» ብላኛለች።

የምትሄድ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ዕቃዋ ተጭኖ፣ እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ እኔ ከታች ቆሜ፣ ያ የቆየ ነገር አላስቆም አለኝ።

«ዝማም» አልሁ። «ያኔ ቤት ስትፈልጊ... እኔ ባዶ ክፍል ነበረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ግቢሽን ለካርታ የለካሁት እኔ ነኝ እኮ። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ሦስት ሜትር ከሃያ በሦስት ሜትር ከአርባ። ቁልፉ ዝጎ ነበር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘን ከቤት ቤት ስንዞር፣ ታውቅ ነበር።

«ለምን ታዲያ አልጠየቅሽኝም?»

እንደ ልማዷ መጀመሪያ በኽምጣኛ መዘነችው።

«ቤት በፍርድ ቤት ይገኛል» አለች። «ጓደኛ ግን በፍርድ ቤት አይገኝም። ጠይቄሽ እንቢ ብትዪኝ ኖሮ ፍራሹን ማን ይይዝልኝ ነበር?»

አለቀስሁ። እሷ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጉንጬን ጠረገችልኝ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ረዳቱ በሩን መታ።

«ግን ክፍሏ ጥሩ ናት» አለችኝ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። ዘግተሽ አታኑሪያት።»

ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ቁልፉ እንቢ ስላለኝ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብሬ ክፍሏን ከፈትኋት።